አዲሱ ላፕቶፕ የማናውቀውን ሰው ፓስወርድ ሲጠይቀን

አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ቤት አስገብታችኋል እንበል። ይከፈታል፣ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ቪዲዮ ያሳያል። አንድ ቀን ፕሪንተር ልታገናኙ ወይም ፕሮግራም ልትጭኑ ስትሉ አንድ መስኮት ብቅ ይላል። የማታውቁት ሰው ኢሜይል ተጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ የዚያን ሰው ፓስወርድ ወይም ፒን አስገቡ ይላችኋል። በገንዘባችሁ የገዛችሁት ዕቃ ከሌላ ሰው ፈቃድ አምጡ እያለ ነው።

እኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። ደሴ ውስጥ ስንት ቤት እንዲህ እንዳለ የገባኝ ደግሞ ለሰው ማውራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። ቡና ላይ ሳነሳው «የኛም እኮ እንደዚያው ነው» የሚል አይጠፋም። ብዙዎቹ ነገሩን ተሸክመውት ነው የሚኖሩት፤ ፕሮግራም መጫን ሲፈልጉ ላፕቶፑን ይዘው ሱቅ ይመላለሳሉ። መመላለስ አያስፈልግም። እኛን ያወጣንን መንገድ ልጻፍላችሁ።

የማወራው ስለ ዊንዶውስ 11 ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው አሁን በአብዛኛው የሚያገኘው 11ን ነው።

ላፕቶፑን የገዛነው ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ነው። አብራን የምትኖረው የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ናት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተርም መሰጠት ስለጀመረ እጇ ማውዝና ኪቦርድ እንዲለምድ ፈለግን። ባለቤቴም የሱቋን ሂሳብ ከደብተር አውጥታ ወደ ኮምፒውተር ልታዞረው አስባ ነበር። ሻጩ ትሁትና ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሁሉ ነገር ተጭኖ አልቋል፤ ቤት ወስደው መክፈት ብቻ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ሁሉም ተጭኖ ነበር። ነገሩ ያለው አጫጫኑ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ የማይክሮሶፍት አካውንትም ይጠይቃል። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ኢሜይል ሲከፍት አይውልም። በራሱ አካውንት ያስጀምረዋል፤ ከዚያ ለገዢው «ዩዘር» የሚል ሌላ መግቢያ ይሠራለታል። ሥራ ለማቅለል ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን በዊንዶውስ ደንብ መጀመሪያ የተከፈተው አካውንት አድሚኒስትሬተር ይሆናል፤ በኋላ የሚጨመረው ደግሞ ካልተቀየረ በቀር ስታንዳርድ ዩዘር ሆኖ ይቀራል። እኛ ስታንዳርዱን ይዘን ቤት ገባን፣ አድሚኑ ሱቅ ቀረ።

የሁለቱን ልዩነት እንዲህ እዩት። ስታንዳርድ ዩዘር የራሱን ክፍል ቁልፍ የያዘ ተከራይ ነው፤ አድሚን የግቢውን ቁልፍ በሙሉ የያዘ አከራይ። ስታንዳርድ ዩዘር ይጽፋል፣ ያነባል፣ ኢንተርኔት ይጠቀማል። ማሽኑን በሙሉ የሚነካ ፕሮግራም መጫን፣ የሌላ ሰው አካውንት መክፈትና መዝጋት ግን የአድሚን ሥራ ነው።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ሴቲንግስ ክፈቱ፣ አካውንትስ የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ «ዩር ኢንፎ» ውስጥ ግቡ። ከስማችሁ ሥር «አድሚኒስትሬተር» የሚል ቃል ካለ እናንተ ናችሁ። ከሌለ ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሆነም ማየት ይቻላል፤ መስኮቱ ፓስወርድ ሲጠይቃችሁ ስሙን ወይም ኢሜይሉን ያሳያል።

እኔ ያንን ኢሜይል አይቼ ሱቁ ደወልኩ። ላፕቶፑን ያዘጋጀው ባለሙያ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ነበር። ስልኩን ሰጡኝ።

«ወንድሜ፣ ላፕቶፑ ያንተን ኢሜይል እያሳየ ፓስወርድ አምጣ ይለኛል።»

«አይ ጋሼ፣ ፓስወርዱን አይደለም የሚፈልገው። ፒን ነው። አራት ቁጥር ናት፣ ይያዙ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው ፒንና ፓስወርድ ላይ ነው። ፓስወርዱ የአካውንቱ ነው፤ ከየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ኢሜይሉን ይከፍታል። ፒኑ ግን የሚሠራው በተፈጠረበት ማሽን ላይ ብቻ ነው። እኛ ላፕቶፕ ላይ ያለችው ፒን ሌላ ላፕቶፕ ላይ አትሠራም። ስለዚህ ልጁ ፒኑን በስልክ ሲነግረኝ ኢሜይሉን አሳልፎ አልሰጠኝም። ማንም ሰው ፓስወርዱን እንዲነግራችሁ አትጠይቁ፤ እናንተም ለማንም አትንገሩ። ሌላም ነገር አለ። ዊንዶውስ ለማይክሮሶፍት አካውንት በፒን ወይም በአሻራ ብቻ እንዲገባ የሚያደርግ ምርጫ አለው። እሱ ከበራ የፓስወርድ መጻፊያው ጭራሽ ላይታይ ይችላል። ትክክለኛውን ፓስወርድ ይዘው «አልቀበል አለኝ» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ ፓስወርዱን የሚጽፉት የፒን ቦታ ላይ ነው።

ፒኑ ሠራ። ፕሪንተሩን ጭኖ ማቆም ይቻል ነበር። እኔ ግን ይህ ነገር ከሥሩ እንዲያልቅ ፈለግኩ፣ እናንተም በዚያው አታቁሙ። ምክንያቱም ነገ ልጁ ስልክ ቢቀይር ወይም ከተማ ቢለቅ በሩ እንደገና ይዘጋል።

አካሄዱ ቅደም ተከተል አለው፣ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ወሳኝ ነው። የድሮውን አካውንት መጀመሪያ አታጥፉ። መጀመሪያ የራሳችሁን ክፈቱ። በአድሚኑ ፒን ወደ አድሚኑ አካውንት ግቡና ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ «አዘር ዩዘርስ» ውስጥ «አድ አካውንት» በሉ። የራሳችሁን የማይክሮሶፍት ኢሜይል አስገቡ። ሲጨመር ስታንዳርድ ሆኖ ነው የሚመጣው። ስሙን ስትነኩ «ቼንጅ አካውንት ታይፕ» የሚል አለ፤ እሱን ከፍታችሁ አድሚኒስትሬተር አድርጉት። ከዚያ ከነበራችሁበት ውጡ፣ በአዲሱ ግቡ። አንድ ፕሮግራም ጭናችሁ ሞክሩት። ሠርቶ በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ ነው የሱቁ አካውንት የሚነሳው።

ከመነሳቱ በፊት ግን ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ እሱን ውሰዱ። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ ዲስኩን ይቆልፈዋል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ዲስኩን አውጥቶ ፋይላችሁን እንዳያነብ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ቁልፉ ቢትሎከር ሪከቨሪ ኪይ ይባላል፣ 48 አሃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ነው። በተለመደው ቀን አይጠየቅም። ማሽኑ ሲጠገን፣ ቦርድ ሲቀየር ወይም የባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ ቀድሞ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ማስተካከያ ሲነካ ድንገት ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ይጠይቃል። ያ ቁጥር የተቀመጠው መጀመሪያ በገባው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። በእኛ ጉዳይ በባለሙያው አካውንት ውስጥ ማለት ነው። አካውንቱን ከላፕቶፑ አጥፍተን ብንተወው፣ ከዓመት በኋላ የልጅቷ ማስታወሻና የባለቤቴ ሂሳብ ያለበት ዲስክ ቁልፉ የማናገኘው ሰው እጅ ይቀር ነበር። ያንን ቁጥር የሚተካ ሌላ መክፈቻ የለም፤ የትኛውም ጠጋኝ ሰብሮ አይገባም።

ያደረግነው ይህን ነው። በአዲሱ አድሚን አካውንት ገብተን፣ ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ከሚለው «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን»ን፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈውን፣ አጠፋን። ዲስኩ ተፈትቶ እስኪያልቅ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ቆየ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ባትሪው ሞልቶ መጀመሩ ይመረጣል። ከዚያ የሱቁን አካውንት ከ«አዘር ዩዘርስ» አስወገድን። በመጨረሻ ኢንክሪፕሽኑን መልሰን አበራነው። አሁን ቁልፉ የእኔ አካውንት ውስጥ ተቀመጠ። ከስልኬ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንቴ ገብቼ መኖሩን አየሁ፤ በወረቀት ገልብጬም ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀመጥኩት። ባለሙያው ጋ ደውዬ ደግሞ ላፕቶፑን ከእሱ አካውንት የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲያወጣው ነገርኩት። ደስ ብሎት ነው ያወጣው።

ላፕቶፑ ላይ ምንም ፋይል ከሌለ አጭሩ መንገድ ሌላ ነው። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለውን ተጠቅሞ ሁሉንም አጥፍቶ በራስ አካውንት እንደ አዲስ መጀመር። ሴቲንግስ መግባት ካልቻላችሁ በመግቢያው ገጽ ላይ የማጥፊያውን ምልክት ከፍታችሁ፣ ሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሪስታርት በሉት፤ «ትራብልሹት» ውስጥ ታገኙታላችሁ። ዲስኩ የተቆለፈ ከሆነ እዚህም ላይ 48 አሃዙን ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ባለሙያው በስልክ እስካለ ድረስ አስቀድማችሁ አስልኩት። ሁለት ምርጫ ያመጣላችኋል፤ «ክላውድ ዳውንሎድ» እና «ሎካል ሪኢንስቶል»። ክላውዱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ሊበላ ይችላል። በሞባይል ፓኬጅ ለምንጠቀም ሰዎች ሎካሉ ይሻላል።

የሱቁ ባለሙያ ጭራሽ ቢጠፋስ? በስታንዳርዱ አካውንታችሁ እስከገባችሁ ድረስ የራሳችሁን ፋይል በፍላሽ መገልበጥ ትችላላችሁ። እሱን ገልብጣችሁ ሪሴት ማድረግ ነው። አንዳንዱ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ፓስወርድ ሰባሪ ፕሮግራም ፍለጋ ይሄዳል። አትሂዱበት። ከእነዚያ ጋር ቫይረስ አብሮ ይመጣል፤ የተቆለፈ ዲስክ ላይ ደግሞ ምንም አይሠሩም።

አድሚኑ የእናንተ ከሆነ በኋላ ሁለተኛ አድሚን ጨምሩ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የማይክሮሶፍት አካውንት ችግር ሲገጥመው መፍትሔው ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት በኩል ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ሁልጊዜ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት መቋረጡን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ስለዚህ አንድ ሎካል አካውንት ይኑራችሁ፤ ኢሜይል የማይፈልግ፣ ማሽኑ ላይ ብቻ ያለ። «አድ አካውንት» ስትሉ ኢሜይል ይጠይቃል፤ «የዚህን ሰው መግቢያ አላውቅም» የሚለውን ንኩ፣ ቀጥሎ «ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር» የሚል ይመጣል። ስምና ፓስወርድ ስጡት፣ ሦስት የማስታወሻ ጥያቄዎች ይጠይቃችኋል። መልሶቹ እናንተ ብቻ የምታውቋቸው ይሁኑ። የትውልድ ከተማችሁን ደሴ ብላችሁ ከመለሳችሁ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ይህንንም አድሚን አድርጉት፣ ፓስወርዱን ጽፋችሁ አስቀምጡት፣ ለዕለት ሥራ ግን አትጠቀሙበት።

ልጅቷ የምትጠቀመው በስታንዳርድ አካውንት ነው። መጀመሪያ ቅር አላት። «አጎቴ፣ አታምነኝም እንዴ?» አለችኝ። በእሷ አለመተማመን አይደለም። ከጓደኛ በፍላሽ የመጣ ጌም ውስጥ የተደበቀ ነገር ማሽኑን በሙሉ ሊነካ ሲል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያኔ እኔ ወይም ባለቤቴ አይተን እንወስናለን። እኔ ራሴም ለዕለት ሥራ ስታንዳርድ ነው የምጠቀመው። ይህን ሳሳያት ተቀበለችው።

ስለ መግባት ችግር ከሰው የሰማኋቸውንና አብሬ የፈታኋቸውን ደግሞ ልጨምር።

በጣም የሚገርመው የሰዓትና የቀን ነገር ነው። ኮምቦልቻ የሚሠራ ወዳጄ የቆየ ዴስክቶፕ አለው። የማይክሮሶፍት አካውንቱን ሊያስገባ ሲል እምቢ ይላል። ብዙ ድረ ገጾችም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይሉታል። ኔትወርኩ ነው ብሎ ሲም ቀየረ፣ አልተሻለም። ሄጄ ሳየው ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቷል፤ ሰዓቱም በእኛ። ልጁ የግድግዳውን ካላንደር እያየ ነው ያስተካከለው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ነው፤ ስለዚህ ራሱን ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ያለ መሰለው። ድረ ገጾች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት ሰርተፊኬት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው። ኮምፒውተሩ «ይህ ሰርተፊኬት ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ በሩን ይዘጋል። ሰዓት ሰቅ ስትመርጡ አዲስ አበባ የሚል ብታጡ አትደናገጡ፤ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ቀኑን ራሱ እንዲያስተካክል አብሩትና «ሲንክ ናው» በሉት።

መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ እንደገና ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ዴስክቶፕ ላይ በብዛት ያለችው ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት። ርካሽ ናት፣ መቀየሩም ቀላል ነው።

ለማይክሮሶፍት አካውንታችሁ የማረጋገጫ ኮድ የሚላክበትን ስልክ ቁጥር ስታስገቡ መጀመሪያ አገሩን ኢትዮጵያ፣ 251 የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ የፊቱን ዜሮ ትታችሁ በ9 ወይም በ7 ጀምሩ። ኮዱ አልመጣም የሚሉ ሰዎች መጀመሪያ ይህን ይዩ። ከስልኩ ሌላ መጠባበቂያ ኢሜይልም አስገቡ። ሲም ጠፍቶ የማረጋገጫ መንገዱን በሙሉ ለመቀየር ከተገደዳችሁ ማይክሮሶፍት 30 ቀን ያስጠብቃል። ማንም ሊያሳጥርላችሁ አይችልም።

ፓስወርዱን በስልክ ቀይራችሁ ላፕቶፑ አዲሱን አልቀበል ካለ ኢንተርኔት ላይ ላይሆን ይችላል። ያኔ የሚያውቀው እሱ ላይ መጨረሻ የገባችሁበትን አሮጌውን ነው። በአሮጌው ግቡ፣ ከዚያ ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ኪቦርዱን እዩ። የፈረንሳይ ከሆነ ኤ እና ኪው ቦታ ተቀያይረዋል፤ የጀርመን ከሆነ ዋይ እና ዜድ። ከመግቢያው ገጽ ታች ጥግ ላይ የቋንቋ ምልክት አለ፤ እሱን ቀይሩ። የፓስወርዱ ሣጥን ጫፍ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጭናችሁ ብትይዙ የጻፋችሁትን ታያላችሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ከዚህ ሁሉ የሚከፋ አንድ ነገር አለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የገዛችው ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ንጹሕ ሆኖ መጣ። ኢንተርኔት ሲያገኝ ግን የአንድ የውጭ ድርጅት ስም አምጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ጠየቃት። አንዳንድ ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን በራሳቸው ስም ማይክሮሶፍት ጋ ያስመዘግባሉ። ምዝገባው የተያዘው በማሽኑ መለያ ነው፤ ዲስኩን ብትቀይሩትም አይለቅም። ሊያነሳው የሚችለው ያ ድርጅት ነው። ፎርማት አድርገን እናስተካክለዋለን የሚላችሁን ሰው ገንዘብ አትክፈሉት፤ ለሻጩ መልሱት።

ስለዚህ ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ሪሴት አስደርጉና በስልካችሁ ሆትስፖት ከኢንተርኔት ጋር አገናኙት። የማንም ድርጅት ስም ሳይመጣ የእናንተን ኢሜይል ከጠየቀ ጥሩ ነው። ባዮሱም በፓስወርድ አለመቆለፉን እዩ፤ ሲነሳ በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10 ነው የሚገባው። አዲስ ከሆነ ደግሞ ካርቶኑ ሲከፈት እዚያው ሁኑ፣ የመጀመሪያውን አካውንት በራሳችሁ ኢሜይል አስጀምሩ። አብሮት ኦፊስ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ ያስጀመረው አካውንት ላይ ነው የሚታሰረው፤ በሻጩ ስም ከተጀመረ ለእናንተ አይዞርም። ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥርና የመመለሻውን ጊዜ አጽፉ። ባልደረባዬ ያንን ላፕቶፕ መልሳ ሌላ የተቀበለችው ደረሰኟ ላይ ሁለቱም ስለነበሩ ነው።